የኬላው ቁልፍ በማን እጅ ነው?
ምንጫቸው ክፍት ስለሆነ የፋየርዎልና የራውተር ሶፍትዌሮች

በአገራችን ኮምፒዩተር ያልነካው የሥራ መስክ እያነሰ ሄዷል። ቡና ላኪው ውሉን፣ ክሊኒኩ የበሽተኞቹን ካርድ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላቱን ሒሳብ በኮምፒዩተር ይይዛል። እነዚህ ኮምፒዩተሮች ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙት ደግሞ ባብዛኛው በአንድ በር ነው። በበሩ ላይ የሚቆመው መሣሪያ የሚገባውንና የሚወጣውን ይለያል፣ ይመዘግባል፣ ያሳልፋል፣ ይከለክላል። ስለዚህም የዚህ መሣሪያ ጉዳይ ለቴክኒክ ባለሞያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ቁልፉ በማን እጅ ነው? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በውስጡ ያለውን ማን መርምሮ ያውቃል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመልከት እንሞክራለን።

1. የመሣሪያው ሥራ

በኢንተርኔት የሚተላለፍ መረጃ ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ተጽፏል። ራውተር ይህን አድራሻ አንብቦ እሽጉ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ይወስናል። ፋየርዎል ግን እንደ ኬላ ነው፤ እሽጉ ከማን መጣ፣ ወደ ማን ይሄዳል፣ ምን ዓይነት አገልግሎት ይጠይቃል ብሎ በተሰጠው ደንብ መሠረት ያሳልፋል ወይም ይመልሳል።

የድሮው ፋየርዎል እያንዳንዱን እሽግ ለብቻው ነበር የሚመረምረው። የዛሬው የግንኙነቶች መዝገብ ይይዛል። ከድርጅቱ ውስጥ ለወጣ ጥያቄ መልስ ሲመጣ በመዝገቡ ስለሚያውቀው ያሳልፈዋል፤ ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣውን ግን ይመልሰዋል። ከዚህ ሌላ እንደ 192.168 ባሉ ቁጥሮች የሚጀምሩት የውስጥ አድራሻዎች በውጭው መንገድ ላይ ስለማይታወቁ፣ መሣሪያው ሃምሳ ኮምፒዩተሮችን በአንድ የውጭ አድራሻ ስም ያገናኛል። ብዙ ሰው ይህን የአድራሻ ቅየራ ጥበቃ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ የሚጠብቀው ደንቡ እንጂ ቅየራው አይደለም።

ዋናው ፍሬ ነገር ግን ይህ ሁሉ የሶፍትዌር ሥራ መሆኑ ነው። በሺህ ዶላር የሚሸጠው ሳጥን ሲከፈት በውስጡ የሚገኘው ፕሮሰሰር፣ ራምና የኔትወርክ ወደቦች ያሉት ኮምፒዩተር ነው። በጣም ከፍተኛ ፍጥነት ለሚጠይቁ ኔትወርኮች ልዩ ቺፕ ማስፈለጉ አይካድም። ለሃምሳና ለመቶ ሠራተኛ ግን ተራ ኮምፒዩተር ከበቂ በላይ ነው።

2. ከየት መጡ?

ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ማለት የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንበብ፣ ለማሻሻልና መልሶ ለማሰራጨት ለሁሉም የተፈቀደ ማለት ነው። የዛሬዎቹ የፋየርዎል ሶፍትዌሮች በሁለት መሠረቶች ላይ የቆሙ ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሊኑክስ 2.4 ጋር የወጣው ኔትፊልተር ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት መጨረሻ በኦፕን ቢኤስዲ የወጣው ፒኤፍ ነው። የፒኤፍ አወላለድ ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ ቀድሞ ያገለግል የነበረው ፕሮግራም ባለቤት ማሻሻል በፈቃዱ ውስጥ እንደማይካተት ስላስታወቀ ፕሮግራሙ ወጣና በምትኩ አዲስ ተጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ማኑኤል ካስፐር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሞኖዎልን አወጣ። ከሞኖዎል በ2004 ፒኤፍሴንስ ተወለደ፤ ከፒኤፍሴንስ ደግሞ በጃንዋሪ 2015 የሆላንዱ ዴሲሶ ኩባንያ ኦፕንሴንስን አወጣ። በዚያው ዓመት ሞኖዎል ሥራውን ሲያቆም ካስፐር ተጠቃሚዎቹ ወደ ኦፕንሴንስ እንዲመለከቱ መከረ። ለትንንሾቹ ራውተሮች የሚሆነው ኦፕን ደብሊውአርቲ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሊንክሲስ ይሸጠው የነበረው ራውተር በሊኑክስ ላይ የተሠራ ሆኖ ስለተገኘ፣ የሊኑክስ ፈቃድ በሚያስገድደው መሠረት የፕሮግራሙ ጽሑፍ በ2003 ይፋ ሆነ፤ ከዚያም በተነሡ ሰዎች እጅ ሥራው በ2004 ተጀመረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የማያቋርጥ ቅራኔ ይታያል። በአንድ በኩል የብዙዎች ድካም የወለደው የጋራ ዕውቀት አለ፤ በሌላ በኩል ይህን ዕውቀት አጥሮ ለመያዝ የሚፈልግ ንግድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የፒኤፍሴንስ ባለቤት ኔትጌት ፒኤፍሴንስ ፕላስ የተባለውን ዝግ እትም ማውጣቱ የዚሁ ቅራኔ ምልክት ነው። ክፍቱ እትም ቀጥሏል። ደግሞም ባለቤቱ መንገዱን ቢቀይር ሌሎች ካለበት አንሥተው መቀጠል ይችላሉ። የክፍት ፈቃድ ትልቁ ዋስትና ከዋጋው መርከስ ይልቅ ይኸው ነው።

3. ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

የንግድ ፋየርዎል ዋጋ በሳጥኑ አያበቃም። የአዳዲስ ጥቃቶችን ምልክት ለመቀበልና የእርዳታ አገልግሎት ለማግኘት በየዓመቱ በዶላር ይከፈላል። ክፍያው ሲቋረጥ መሣሪያው ባብዛኛው ማሳለፉን ባያቆምም፣ ዕውቀቱ በቆመበት ዕለት ይቀራል። አዲሱን ሌባ የማያውቅ የኬላ ጠባቂ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን በአገራችን ሁኔታ እናስላው። በዓመት 1,000 ዶላር የሚከፍል አንድ ድርጅት አለ እንበል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ይህ ገንዘብ 57,000 ብር ያህል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100,000 ብር በላይ ሆነ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ ሥራውም አልጨመረም፤ ዕዳው ብቻ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ።

ዶላሩስ ከየት ይመጣል? ከፊሉ ከቡና ገበሬው ላብ ነው። ከፊሉ ደግሞ ወገኖቻችን በስደት ከሚልኩት ነው። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 1,000 ዶላር 3,750 ሪያል ነው። በጅቡቲና በየመን አቋርጦ በአድ-ዳኢርና በሌሎቹ የጂዛን የድንበር ተራሮች በኩል ለገባው ወጣት ይህ የስንት ወር ጉልበት እንደሆነ፣ በዚያ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ዘገባ በየመንና በሳዑዲ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። እንዲህ ባለ መንገድ የተገኘ የውጭ ምንዛሪ በነፃ ሊገኝ ለሚችል ነገር እንዳይባክን መጠንቀቅ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።

4. የእምነት ጥያቄ

ዝግ የሆነ መሣሪያ የሚታመነው በሻጩ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ጁኒፐር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፋየርዎሎቹ ሶፍትዌር ውስጥ ያልተፈቀደ ኮድ ማግኘቱን ራሱ አስታወቀ። ይህ ኮድ ለሚያውቀው ሰው የመሣሪያውን በር የሚከፍትና የተመሰጠረ ግንኙነትን ለማንበብ የሚያስችል ነበር። ገዢዎቹ የገዙትን መርምረው ይህን ለማወቅ ፈቃድ አልነበራቸውም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ክፍት የሆነ ሁሉ አስተማማኝ ነው» ማለት ቀኖናዊ አቋም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ኔትጌት አሠርቶት በፒኤፍሴንስ 2.5.0 ውስጥ የገባው የዋየርጋርድ ፕሮግራም ብዙ ጉድለት ስለተገኘበት ከሚቀጥለው እትም ወጣ፤ ከፍሪ ቢኤስዲ 13.0ም ከመለቀቁ በፊት ተነሣ። በማርች 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው፣ በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ በሚገኘው ፕሮግራም፣ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ፍለጋውን ያስጀመረው የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት ነበር። ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንማረው ክፍት ማለት ሊመረመር የሚችል ማለት እንጂ የተመረመረ ማለት አለመሆኑን ነው። ችሎታው ያለው ሰው ካልተገኘ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

5. በተግባር እንዴት ይሠራል?

በአዲስ አበባ ዋና ቢሮ፣ በባሕር ዳርና በጅማ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት እናስብ። ሥራው በሚከተለው መንገድ ሊከናወን ይችላል።

ሀ) መሣሪያው። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት ራምና ቢያንስ ሁለት የኔትወርክ ወደቦች ያሉት ኮምፒዩተር ለፒኤፍሴንስ ወይም ለኦፕንሴንስ ይበቃል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ እንዳይበላሽ ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት መምረጥ፣ ዩፒኤስም ማያያዝ ያስፈልጋል።

ለ) ክፍፍል። የሒሳብ ክፍሉን፣ የሠራተኞችን ኮምፒዩተሮች፣ የጥበቃ ካሜራዎችንና የእንግዳውን ዋይፋይ በየራሳቸው የኔትወርክ ክልል መለየት ይገባል። ለዚህም ቪላን የሚያውቅ ስዊች ያሻል። በእንግዳው ስልክ የገባ ቫይረስ የደመወዝ መዝገብ ላይ እንዳይደርስ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሐ) ደንብ። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ክልክል ይሁን፤ የሚፈቀደው ተለይቶ ይጻፍ። የመሣሪያው መቆጣጠሪያ ገጽ በውጭው በኩል ፈጽሞ አይከፈት። ከፋብሪካው ጋር የመጣው የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ሰዓት ይቀየር።

መ) ቅርንጫፎችን ማገናኘት። ዋየርጋርድ ወይም ኦፕን ቪፒኤን ሦስቱን ቢሮዎች በተመሰጠረ መስመር ያገናኛል። ቢያንስ ዋናው ቢሮ ከውጭ የሚደረስበት ቋሚ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ያለው ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ አድራሻ ስለሌለው ግንኙነቱን የሚጀምረው እሱ ይሁን።

ሠ) ሁለት መስመር። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በአገሪቱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ድርጅቶች የኢትዮ ቴሌኮምን መስመር በሌላው ድርጅት የሞባይል ግንኙነት መደገፍ ይችላሉ። አንዱ ሲቋረጥ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ሌላው ያዞራል።

ረ) መጠባበቂያ። የመሣሪያው ሙሉ አሠራር በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ፋይሉ ከመሣሪያው ውጭ ከተያዘ፣ ኮምፒዩተሩ ቢቃጠል እንኳ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሥራው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊመለስ ይችላል።

6. ወሰኑ የት ላይ ነው?

ይህ ሁሉ ቢደረግም ኬላው የድርጅቱ እንጂ የአገሩ መንገድ አይደለም። በሜይ 2012 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቶር የተባለው አገልግሎት የታገደው በዋናው መስመር ላይ እሽጎችን ውስጣቸው ድረስ በሚመረምር መሣሪያ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ሲቋረጥ፣ በኦገስት 2023ም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በድርጅቶች በር ላይ የቆመ ምንም ዓይነት ፋየርዎል የተዘጋውን ሊከፍት አይችልም ነበር። ሁለት መስመር መያዝም ሁለቱ በአንድ ትእዛዝ ሲዘጉ አይረዳም። ይህ በቴክኒክ ብቻ የሚፈታ ጥያቄ አይደለም።

ሁለተኛው ወሰን የሰው ነው። በነፃ የሚገኘው ሶፍትዌሩ እንጂ ሠራተኛው አይደለም። ለላይሰንስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ በከፊል ለባለሞያ ደመወዝና ለሥልጠና መዋል አለበት። የሚያድሰው፣ መዝገቡን የሚያነበው ሰው የሌለው ክፍት ፋየርዎል ክፍያው ከተቋረጠበት ዝግ ፋየርዎል አይሻልም። ሌሊት ሲበላሽ በውል የሚጠራ አካል የግድ የሚያስፈልገው ተቋም ደግሞ የንግዱን መምረጡ ሊያስነቅፈው አይገባም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በዶላር የተከፈለው ላይሰንስ በዓመቱ መጨረሻ ይሞታል፣ በብር የተከፈለው ደመወዝ ግን በአገር ውስጥ የሚቀር ችሎታ ያፈራል።

7. የእኛ ተግባር

በውጭ አገር የምንማር ተማሪዎች በአብዛኛው የምንማረው በታዋቂ ኩባንያዎች መሣሪያዎች ላይ ሆኖ፣ የምንይዘውም የእነሱን የምስክር ወረቀት ነው። ወደ አገር ስንመለስ የምናውቀውን ብቻ እንድንመክር፣ ሳናስበውም የውጭ ሻጭ ወኪል እንድንሆን ይህ ያደርገናል። ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የጥናት ክበቦች ሦስት ነገር ቢያደርጉ እንመክራለን። አንደኛ፣ በሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አንድ የሙከራ ኔትወርክ ይዘርጉ፤ አባላት ደንብ መጻፍን በእጃቸው ይማሩ። ሁለተኛ፣ ከላይ ከሀ እስከ ረ የዘረዘርነውን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች በደረጃ የሚያስረዳ መመሪያ ያዘጋጁ፤ የባሕር ዳሩ ወይም የጅማው ቴክኒሻን እንግሊዝኛው ስለከበደው ብቻ የኬላውን ቁልፍ ለሌላ መስጠት የለበትም። ሦስተኛ፣ በእረፍት ወደ አገር የሚሄድ አባል ቢያንስ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ክሊኒክ ሄዶ በሩ ላይ ምን እንደቆመ ይጠይቅ፣ ያየውንም ለክበቡ ያቅርብ።

ዕውቀቱ የተጻፈውና የተከፈተው በብዙ አገር ሰዎች ድካም ነው። ለመውሰድ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገው ተቀምጦ መማር ነው።