የዲፕ ፍሪዘር ዕድሜ በምን ይረዝማል?

ዲፕ ፍሪዘር ለብዙዎቻችን ቅዝቃዜ የሚያመርት መሣሪያ ይመስለናል። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን ሥራው ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ማጓጓዝ ነው። በቧንቧዎቹ የሚዘዋወረው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕረሰሩ ተኑን አምቆ ሲገፋው ደግሞ በውጭ በኩል ተመልሶ ፈሳሽ እየሆነ ሙቀቱን ለአየር ይለቃል። የዚህን ሙቀት ጉዞ የሚያደናቅፍ ነገር ሁሉ ኮምፕረሰሩን ዕረፍት በመንሳት የመሣሪያውን ዕድሜ ያሳጥራል።

የመጀመሪያው እንቅፋት አመዳይ ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥበት፣ እንዲሁም ሳይቀዘቅዝ የገባ ምግብ እንፋሎት፣ በግድግዳው ላይ ይጋገራል። በረዶ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአሉሚኒየም ወደ 100 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው፤ አየር የቋጠረ አመዳይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለሆነም ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ ማቅለጥ ይገባል። በቢላዋ መፈልፈል ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ቧንቧ ሊበሳ ይችላል። ጋዙ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ቀንሶ ከተገኘ ሾልኳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን እንደገና ማስሞላት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። በብዙ አዳዲስ ፍሪዘሮች የሚገኘው አይሶቡቴን ተቀጣጣይ በመሆኑም ጥገናው ለሠለጠነ ባለሙያ መተው አለበት።

ሁለተኛው የክዳኑ ጎማ ነው። ክዳኑን በወረቀት ላይ ዘግተን ስንስበው ያለ ምንም ችግር ከወጣ፣ ጎማው አየር ያስገባል። በለብታ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ካረጀም መለወጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የቦታ አመራረጥ ነው። በብዙዎቹ ዲፕ ፍሪዘሮች ሙቀት የሚለቁት ቧንቧዎች በውጭው ቆርቆሮ ሥር የተቀበሩ ናቸው። ጎኑ ሲነካ ሞቅ ማለቱ የብልሽት ምልክት የማይሆነው ለዚህ ነው። ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ፣ በጨርቅ መሸፈን ወይም ከምድጃ አጠገብ ማኖር ግን ሙቀቱን መውጫ ያሳጣዋል። በኮምፕረሰሩ ዙሪያ የሚከማቸውን አቧራም በየጊዜው መጥረግ ይገባል።

በአገራችን ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የመብራት መቆራረጥ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲቆም በሁለቱ ወገን ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። ኃይል ወዲያው ከተመለሰ ሞተሩ ግፊቱን ተቋቁሞ መዞር ይሳነዋል፤ ከተለመደው ብዙ እጥፍ የሆነ ኤሌክትሪክ እየሳበም ጥቅልል ሽቦው ይግላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላም ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይበጃል። አዘግይቶ የሚያስነሣ ስታቢላይዘር ይህንኑ በራሱ ያከናውናል። እስከዚያው ስለ ምግቡ መሥጋት አያሻም፤ የሞላ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነው እስከ 24 ሰዓት ገደማ በረዶውን ይዞ ይቆያል።

በመጨረሻም፣ ምግብን በበረዶ ለማቆየት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቂ ነው። ከዚያ በታች ማውረድ በኮምፕረሰሩም ሆነ በመብራት ሒሳቡ ላይ ጫና ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነው።