ለጋ ቅቤና ሁለት አውራ ጣት

ባለፈው ኅዳር አጋሮ ዘመዶቼ ዘንድ ቡና ለቀማ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ስል ዋልኩ። በማግስቱ ትንሽ ዛልኩ እንጂ ደህና ነበርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ከበርጩማ መነሳት አቃተኝ። ሰፈር ያሉ አንድ አዛውንት ወጌሻ ተጠሩ። ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው አሟሙተው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ጭን በሁለት አውራ ጣታቸው እየገፉ አሹኝ።

«አባባ፣ ደም ረግቶብኝ ነው?»

«አይ ልጄ፣ ቁልቁለቱ ነው።»

ልክ ነበሩ። ቁልቁለት ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ ጥቃቅን ክሮቹም ይጎዳሉ። ጉዳቱን ተከትሎ የሚመጣው ብግነት ነው ሕመሙን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚያባብሰው። ስፖርተኞች «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህን አባባል ብንተወው ደስ ይለኛል። አሲድ የሚሉት ላክቴት ሥራው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠራል፤ በሦስተኛው ቀን በመታሸት የሚወጣ አሲድ የለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 ወጣቶችን እስኪዝሉ ብስክሌት አስነድተው የእያንዳንዱን አንድ እግር ብቻ ለ10 ደቂቃ አሳሹ። ከሁለቱም እግሮች ቅንጣት ጡንቻ ወስደው ሲመረምሩ የላክቴቱ መጠን አልተለያየም፤ በታሸው እግር ግን የብግነቱ ምልክት ቀንሶ አገኙት። መታሸት ሕመም ያቃልላል፤ የጡንቻውን ጉልበት በአንድ ቀን ይመልሳል ማለት ግን አይደለም።

ደም ዝውውርን በተመለከተ፣ እጅ ወደ ልብ አቅጣጫ ሲገፋ ከቆዳ ሥር ያለው ደም ይንቀሳቀሳል፣ ቆዳውም ይሞቃል። በጥልቅ ላለው ደም ግን ከባት የበለጠ ፓምፕ የለም፤ ታሽቶ የተነሳ ሰው ትንሽ ይራመድ።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የመጣ ሰው አንድ ባቱ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ሲያመው «እሹልኝ» ይላል። እባካችሁ አትንኩት! ደም በእርግጥ የሚረጋው እዚያ ነው፤ ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ሊደርስ ይችላል። ቦታው ሆስፒታል ነው። የተሰበረ አጥንትም እንዲሁ አይታሽም፤ በወጌሻ በጥብቅ በመታሰሩ ደም አጥቶ የተቆረጠ እግር ብዙ ነው።

ወጌሻው ቅቤውን ከማንሳታቸው በፊት ሁለቱን ባቶቼን በእጃቸው ጀርባ ደጋግመው ዳስሰዋል። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው «ሙቀት» አሉኝ። «አንዱ ከሌላው ቢሞቅ ኖሮ ቅቤውን ትቼ መኪና ነበር የማስጠራው።»