ንግሥ፣ ገበያና የዘመድ ጥየቃ በዘመነ መጸው

የመስቀል ደመራ ሊለኮስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የመርካቶ ሱቆች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። መናኸሪያው ደግሞ በተቃራኒው ይጨናነቃል። ዓመቱን ሙሉ ሲነግድ፣ ጫማ ሲያሳምር፣ በሰው ቤት ሲያገለግል የከረመው ሁሉ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለታናናሾቹ አዲስ ጫማ ይዞ ወደ ሀገር ቤት ይጓዛል። የጉራጌ ምእመናን ይህን መንገድ ከሁሉ ይልቅ ያውቁታል፤ በፋሲካ ወይም በልደት ከተማ የቀረ ሰው ብዙ አይጠየቅም፣ በመስቀል የቀረ ግን ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ መንደሩ ሁሉ ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ ከመስቀል እስከ ነቢያት ጾም መግቢያ ድረስ ባለው ጊዜ ስለምናደርጋቸው የንግሥ ጉዞዎች፣ ስለ ባህላዊ ጨዋታዎችና ስለ ዘመድ ጥየቃ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምረው አንጻር ጥቂት እንላለን።

አስቀድመን ስለ ወቅቱ ስም። በከተማ አነጋገር ከክረምት ቀጥሎ ያለውን የአበባ ጊዜ «ጸደይ» ማለት ተለምዷል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ሲሆን፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ዘመነ መጸው ይባላል። በዚሁ በመጸው መጀመሪያ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው። ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምታጌጥበት፣ ወንዙ ጎድሎ መንገደኛ የሚሻገርበት፣ እሸት የሚደርስበት ጊዜ በመሆኑ ዘመድ ከዘመድ ለመገናኘት የተመቸ ነው። በሐምሌ የታመመ አጎት ቢኖር ጭቃውና ሙላቱ አግዶን «መስቀል ይድረስ» ብለን ያለፍነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዓላቱም በዚህ ወቅት ይበዛሉ። መስከረም 17 መስቀል፣ መስከረም 21 የግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ፣ ጥቅምት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ጥቅምት 14 የአቡነ አረጋዊ፣ ጥቅምት 27 የመድኃኔ ዓለም፣ ኅዳር 6 ቍስቋም፣ ኅዳር 12 ቅዱስ ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ተከታትለው ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ ጥቅምት የመጡበት ምክንያት አለ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕረፍት መጋቢት 5፣ የጌታችን ስቅለት ጥንተ በዓል ደግሞ መጋቢት 27 ነው። ሁለቱም በአብዛኛው በዐቢይ ጾም ስለሚውሉ፣ በጾሙ ወራት ማድረግ የማይቻለው የደስታ አከባበር ወደ ጥቅምት ተዛውሮ እንዲፈጸም አባቶች ሥርዓት ሠሩ። ስለዚህ በጥቅምት ወደ ዝቋላ ወይም ወደ ምድረ ከብድ የሚጓዘው ሕዝብ ያለ ሥርዓት የመጣ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለደስታ ቦታና ቀን ለይታለታለች።

የጉራጌን መስቀል ምሳሌ አድርገን የምናነሣው የቤተ ዘመዱ ነገር ጎልቶ የሚታይበት በመሆኑ ነው። ዝግጅቱ ከወራት በፊት ይጀምራል። እናቶች የቅቤ ዕቁብ ይጥላሉ፣ እንሰቱ ተፍቆ ቆጮው ይሰናዳል፣ አባቶች ለሰንጋው ገንዘብ ያዋጣሉ። በዓሉ ሲደርስ ሰንጋው በቅርጫ ይታረዳል፤ ክትፎው በጣባ፣ ጎመኑና አይቤው በየፈርጁ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ማንም ዘሎ አይቆርስም። ሽማግሌው ተነሥቶ ይመርቃል፣ ቤተሰቡም አሜን ይላል። ከደመራው በኋላ ባሉት ቀናት ያገቡ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው፣ አማቾችም ወደ አማቶቻቸው ስጦታ ይዘው ይሄዳሉ። በሶዶ ደግሞ ወጣቶች በየገበያው ሥፍራ ተሰብስበው አዳብና የተባለውን ጨዋታ ይጫወታሉ። ልጃገረዶቹ አምረው፣ ወንዶቹም ተውበው በመዝሙርና በጭፈራ የሚተያዩበት፣ ለትዳር የሚተጫጩበት አደባባይ ነው። የምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኘውም በዚያው በሶዶ ነውና፣ ለመስቀል የሄደ ብዙ ሰው የጥቅምት 5ን ንግሥ አክብሮ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ለክርስቲያን የተገባ ነውን? አንዳንድ መንፈሳዊነትን የጀመሩ ወጣቶች እንዲህ ያለውን የቤተሰብ ጉባኤ «ሥጋዊ» ብለው ሲሸሹት እናያለን። ቅዱስ ወንጌል ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር፤ ጌታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ የሆነውን ቅዱስ ሉቃስ ሲተርክ፣ በመልሱ ጉዞ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ በዘመዶቻቸውና በሚያውቋቸው መካከል እንደ ፈለጉት ይነግረናል (ሉቃ. 2፥41-52)። ወደ በዓሉ የወጡት ብቻቸውን አልነበረም ማለት ነው። አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት በአንድ መንገድ ይጓዙ ነበር። ልጅ ለሁሉም የታመነ በመሆኑ እስከ ማታ ድረስ አልተጠረጠረም። በሌላ በኩል ይኸው ታሪክ ያስጠነቅቃል፤ በዘመድ ሁካታ መካከል ጌታን ፈልጎ ማጣት አለ፤ የተገኘውም በቤተ መቅደስ ነው። ለመስቀል ሀገር ቤት ሰንብቶ አንድ ቀን እንኳ ቅዳሴ ሳያስቀድስ የሚመለስ ሰው ይህን ሊያስብ ይገባል።

ጻድቁ ኢዮብም ልጆቹን ግብዣ አልከለከላቸውም። ልጆቹ በየተራ በየቤታቸው ግብዣ እያደረጉ ሦስቱን እኅቶቻቸውን ይጠሩ ነበር። አባታቸው ግን የግብዣው ቀናት ሲፈጸሙ ማልዶ ተነሥቶ በስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር፤ በልባቸው በድለው ይሆናል ብሎ ይሰጋልና (ኢዮ. 1፥4-5)። እኅቶቻቸውን መጥራታቸው ለእኛ ትዝብት የሚሆን ነው። በብዙ ቤታችን እኅቶችና የወንድም ሚስቶች በዓሉን የሚያሳልፉት በማጀት ነው። ወንዶቹ ምርቃቱን ተቀብለው፣ በልተው፣ ጠጥተው ወደ ጨዋታ ሲሄዱ እነርሱ ጢስ ሲውጣቸው ይውላል። ከከተማ የመጣው ልጅ ጎመን ቢከትፍ፣ ውኃ ቢቀዳ፣ እንጨት ቢፈልጥ ክብሩ አይጎድልም። እናቱም ቢያንስ የንግሡን ዕለት ነጠላዋን ለብሳ ከታቦቱ ፊት ለመቆም ትችላለች።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ብዙዎች ወደ ዘመድ የማይሄዱት ገንዘብ ወይም ፈቃድ አጥተው አይደለም። ከወንድም ጋር ተጣልተው ነው። አባት ሲያርፍ የቀረው የእንሰት ጓሮ፣ ያልተመለሰ ብድር፣ በሠርግ ላይ የተነገረ ክፉ ቃል ሁለት ወንድማማቾችን ለዓመታት ያለያያል። አንዱ በመስቀል ይመጣል፣ ሌላው ያንኑ ሰምቶ ይቀራል፣ እናትም በዓሉን በግማሽ ልብ ትውላለች። ጌታችን መባ ይዞ ከመሠዊያው የደረሰ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስታውስ መባውን ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አዝዟል (ማቴ. 5፥23-24)። የመስቀል ሰሞን ለዚህ ትእዛዝ የተመቸ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቤት ናቸው፣ ካህኑም በአጥቢያው አለ፣ ዘመዱም ተሰብስቧል። ነገር ግን ዕርቁን በማዕድ መካከል፣ መጠጥ ከተቀመሰ በኋላ፣ በሁሉ ፊት መጀመር አይመከርም። ለንስሐ አባት ወይም ለአንድ የተከበረ ሽማግሌ አስቀድሞ ነግሮ፣ ሁለቱን ለየብቻ አነጋግሮ፣ የተበደለው የሚካስበትን ቈርጦ ከዚያ ማገናኘት ይሻላል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው የመሬቱ ነገር እንዳለ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጠቡ በርትቶ ይመለሳል።

የንግሥ ጉዞን በተመለከተም አንድ ቅሬታ አለን። የጉዞ ማኅበራት አውቶቡስ ተከራይተው ምእመናንን ወደ ገዳማት መውሰዳቸው መልካም አገልግሎት ነው። እኛም በዚያው ተጉዘን ብዙ ተጠቅመናል። ሆኖም ከገዳሙ በታች፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ አሮጊት አያቱ የምትኖርበት ወጣት በመስኮት የሳር ቤቷን እያየ ሲያልፍ አይተናል። «ለበረከት ነው የመጣሁት፣ ጊዜ የለኝም» አለን። ጌታችን ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ለእግዚአብሔር መባ ነው» በሚል ሰበብ ያስቀሩትን ፈሪሳውያን እንደ ገሠጸ እናስታውስ (ማር. 7፥9-13)። ስንቁን ለአያቱ አካፍሎ፣ ጧፉን በስሟ አብርቶ፣ ከቻለም ደግፎ ወደ ንግሡ ቢያወጣት በረከቱ እጥፍ በሆነለት ነበር። እመቤታችንም ወደ ተራራማው የይሁዳ ሀገር ፈጥና የወጣችው አረጋዊቷን ዘመዷን ኤልሳቤጥን ለመጠየቅ ነው፤ የቆየችውም ለአንድ ከሰዓት ሳይሆን ሦስት ወር ያህል ነው።

ስለ ጾም ብዙ ጥያቄ ይመጣልና ጥቂት እናብራራ። በዘመነ ጽጌ የሚጾመው ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ከሰባቱ አጽዋማት አይቈጠርም። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷን በማሰብ ብዙዎች ይጾሙታል፤ ቅዳሜ ማታም ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ይህን ጾም የያዘ ሰው በዘመድ ቤት ቅቤ ያልነካው ጎመን እንዲሰጠው በትሕትና ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚበሉትን በዐይኑ ሲገሥጽ፣ እናቲቱ ለወራት ያጠራቀመችውን ቅቤ እንደ ኀጢአት ሲቈጥርባት ነው። ከጉዞው በፊት ከንስሐ አባት ጋር ቢመክር ምን ማድረግ እንዳለበት ይነገረዋል። የረቡዕና የዓርብ ጾም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ጾም የሚሻረው በበዓለ ሃምሳ እንዲሁም ልደትና ጥምቀት በእነዚህ ቀናት ሲውሉ ብቻ በመሆኑ፣ መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ክትፎው ማግስቱን ይጠብቃል። «ዘመድ ተሰብስቦ እንዴት ይጾማል» የሚል ክርክር በየዓመቱ ይነሣል፤ መልሱ ግን አይለወጥም።

በብዙ ቤተ ዘመድ ውስጥ በእምነት የማይመስሉን አሉ። በጉራጌ በአንድ ጎሣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፣ አንዱ በመስቀል ሌላው በዐረፋ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የአባቶቻችን ልማድ እነርሱን ከበዓሉ ማራቅ አልነበረም፤ በራሳቸው ወገን የታረደ ለብቻው ይዘጋጅላቸዋል፣ በጉርብትና ተከብረው ይስተናገዳሉ። ሥርዓታችንን ሳናፈርስ ዘመድነትን መጠበቅ እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አንፈልግም።

የአዳብናውና የጨዋታው ነገር በልክ ነው። ወጣቶች በአደባባይ፣ በወላጆችና በሽማግሌዎች ዐይን ሥር መተያየታቸው ተሰውሮ ከመገናኘት እጅግ ይሻላል። ዋናው ችግር መጠጡ ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ ታይታው። በብድር ልብስ ገዝቶ፣ በብድር ሰንጋ ጥሎ «አልፎለታል» እንዲባል የሚመጣ ሰው ጥቅምትን በዕዳ ይጀምራል። ይህን የሚያየው ያልተሳካለት ወንድሙ ደግሞ ባዶ እጁን ላለመታየት ከዓመት ዓመት ይቀራል። እናት ግን የምትጠብቀው ጋቢውን ሳይሆን ልጇን ነው። ይህን ለቀሩት ደውለን ብንነግራቸው መልካም ነው።

እንግዳ ስለ መቀበልም ዘመነ ጽጌ የራሱ ትምህርት አለው። በዚህ ወቅት የምናስበው ዘመድ በሌለበት ሀገር ሦስት ዓመት ከስድስት ወር የተንከራተተውን ቅዱስ ቤተሰብ ነው። በሙሴ ሕግ የመከር በዓል ሲታዘዝ በደስታው የሚካፈሉት ወንድና ሴት ልጅ ብቻ አልነበሩም፤ መጻተኛው፣ ድኻ አደጉና መበለቲቱም ተጠርተዋል (ዘዳ. 16፥13-14)። ዛሬም በየመንደራችን ከቀዬው ተፈናቅሎ በኪራይ ክፍል የሚኖር፣ ለመስቀል የሚሄድበት ቤት የሌለው ሰው አለ። ለእርሱ አንድ ጣባ ክትፎ መላክ በጎ ነው፤ ጠርቶ ከቤተሰቡ ጋር ማስቀመጥና ከሽማግሌው ምርቃት እንዲካፈል ማድረግ ግን ይበልጣል።

በመስቀል መሄድ ያልቻለ አሁንም ቀን አለው። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነውና ከዚያ በፊት ያሉት ሰንበታት ለጥየቃ ይበቃሉ፤ ኅዳር 6 ቍስቋምን ወይም ኅዳር 12 ቅዱስ ሚካኤልን በትውልድ አጥቢያው ሊያከብር ይችላል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዐረብ ሀገር ያለውም ደመራውን ካለበት አጥቢያ ጋር አክብሮ፣ ገንዘብ ከመላኩ ጋር በሽማግሌው ምርቃት ሰዓት ቢደውል ስሙ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ይጠራለታል። በገጠር እናቶች ዘንድ ያልመጣው ልጅ ድርሻ ለሌላ አይሰጥም፤ ቋንጣ ሆኖ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። እስከ ኅዳር 14 ማታ እዚያው ይጠብቀዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።