አስምን በሌሊት ብቻ የሚያውቅ ሐኪም

ኢንተርን ሐኪም ከአስም ጋር የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። በሽተኛዋ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ስሟን ስትጠየቅ አንድ ቃል ትናገርና ለሁለተኛው ትንፋሽ ያጥራታል። ተረኛው ሐኪም ኦክስጅን ያደርግላታል፣ በየሃያ ደቂቃው ሳልቡታሞል ይሰጣታል፣ ስቴሮይድ ያዝላታል። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ይመለሳል፤ እናቷም «እግዜር ይስጥልን ዶክተር» ይላሉ። ሲነጋ አንድ ፓፍ ታዞላት ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

እስከዚህ ድረስ የሕክምና ትምህርቱ ሥራውን ሠርቷል። ጎዶሎው የሚታየው ከነጋ በኋላ ነው። ባለፈው ወር ስንት ሌሊት ሳል ቀሰቀሳት? በሳምንት ስንት ቀን ፓፍ ትወስዳለች? ደረጃ ስትወጣ ታርፋለች? ቤት ውስጥ የምታበስለው በምንድን ነው? ፓፉን ስትጠቀምስ ቆሞ ያያት ሰው አለ? እነዚህ ጥያቄዎች የሚነሱት በክትትል ክሊኒክ ነው። ተማሪው ግን ከሥልጠናው ሰፊውን ጊዜ የሚያሳልፈው ዋርድና ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ አስምን እንደ ድንገተኛ አደጋ ያውቀዋል እንጂ ሰው ለዓመታት አብሮት እንደሚኖር በሽታ አያውቀውም። በእኔ እምነት ወጣት ሐኪሞች አስም ላይ የሚጎድላቸው ዕውቀት ሳይሆን ይህ ትውውቅ ነው።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ወደ አየር ቱቦው እንግባ። አስም ያለበት ሰው የአየር ቱቦ ውስጠኛ ሽፋን ደህና በሆነበት ቀንም የተቆጣ ነው። አቧራ፣ ጭስ፣ ጉንፋን ወይም ቅዝቃዜ ሲነካው ያብጣል፣ አክታ ያመነጫል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይኮማተራል። በተለምዶ ቬንቶሊን የምንለው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያፍታታል፤ ጉልበቱም ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። የተቆጣውን ሽፋን ግን አይነካውም። እሱን የሚያበርደው በፓፍ መልክ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ይህኛው ወዲያው የሚታይ እፎይታ ስለማይሰጥ በሽተኛውም ይተወዋል፣ ጥድፊያ ላይ ያለ ሐኪምም ማዘዙን ይረሳዋል።

ጂና በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አውጪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ትልቅ ለውጥ አድርጓል። ከዚያ ዓመት ወዲህ አዋቂዎችና 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ልጆች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም፤ በሽታው ቀላል ቢሆንም እንኳ ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ያስፈልጋቸዋል ይላል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ እንደ ሳልቡታሞል ያለ የማስታገሻ ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ጥቃት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ከጨረሰ የሞት አደጋው ይጨምራል። ከለውጡ በፊት የተመረቀ ሐኪም በትምህርት ቤት የያዘው ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሕክምና ከሳልቡታሞል ብቻ ይጀምር ነበር። ያ ሐኪም ዛሬ የኢንተርኖች አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

ሀብታም አገር ውስጥም ይህ ክፍተት ሰው ገድሏል። የብሪታንያ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት በአስም የሞቱ የ195 ሰዎችን መዝገብ አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። የበሽታቸው ደረጃ ሊታወቅ ከቻለ ሟቾች ከግማሽ የሚበልጡት ይታከሙ የነበረው «ቀላል» ወይም «መካከለኛ» አስም እንዳለባቸው ተቆጥሮ ነው። የመድኃኒት መዝገባቸው ከተገኘ 165 ሰዎች መካከል 65ቱ ከመሞታቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ከአሥራ ሁለት በላይ የማስታገሻ ፓፍ ታዞላቸዋል። ትንፋሽ ሲጠብባቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚገልጽ የጽሑፍ ዕቅድ የተሰጣቸው 23 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ሳልቡታሞሉን በየወሩ እያደሱ የጻፉት የተማሩ፣ መመሪያውም በእጃቸው ያለ ሐኪሞች ናቸው። ከማዘዣው ወረቀት ቀና ብሎ «ይሄ ሁሉ ፓፍ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ መጠየቅ ግን የልምድ ውጤት ነው፤ ልምዱም የሚገኘው አንድን በሽተኛ ደጋግሞ በማየት ነው።

ሌላው ክፍተት የእጅ ሙያ ነው። ፓፍ ቀላል ይመስላል። በትክክል ሲወሰድ ግን መጀመሪያ በደንብ ይናጣል፤ በሽተኛው አየሩን እስኪበቃው ወደ ውጭ ያስወጣል፤ አፉን በፓፉ ጫፍ ዙሪያ ይገጥማል፤ ቀስ ብሎ መሳብ ሲጀምር በዚያው ቅጽበት ይጫነዋል፤ መሳቡን ሳያቋርጥ ይጨርስና ወደ አሥር ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይይዛል። ጥቂት ቀድሞ ከተጫነው መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በፍጥነት ከሳበውም እንደዚያው። መድኃኒቱ ሳንባው ሳይደርስ «ፓፍ አልሠራልኝም» ይላል፤ ሐኪሙም መጠኑን ይጨምራል ወይም ሌላ መድኃኒት ይቀይራል።

ይህን ለበሽተኛው ማሳየት ያለበት ሐኪሙ ነው። ሐኪሙስ ይችለዋል? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 55 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ይህንኑ ጠይቆ ነበር። በእነዚያ ጥናቶች ፓፍ እንዲጠቀሙ ከተፈተኑ የጤና ባለሙያዎች በትክክል የሠሩት 15.5 በመቶ ብቻ ናቸው። የሚያስደነግጠው ደግሞ ውጤቱ ከቀደሙት ዓመታት ይልቅ በኋለኞቹ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው። የሳንባ ሴል ውስጥ ስላሉ ተቀባይ ሞለኪውሎች ገጽ በገጽ የሚያስረዳ ሰው፣ ፓፍ ሲሰጠው መናጡን ይረሳል።

ጥቃቱን በማከምም ቢሆን ልምድ ከሌለ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ቀድሞ ይሰማ የነበረው ሲር ሲር የሚል ድምፅ ጠፍቷል እንበል። ለጀማሪ ይህ የመሻል ምልክት ይመስላል። በሽተኛዋ ካልተረጋጋች ግን ዝምታው ድምፅ ለማውጣት የሚበቃ አየር እንኳ እያለፈ አይደለም ማለት ነው። በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም እንዲሁ ያታልላል። በጥቃት ጊዜ ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ መጠኑ መውረድ አለበት። ስለዚህ በከባድ ጥቃት መሃል ውጤቱ «ኖርማል» ሆኖ ሲመጣ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ እየዛሉ ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚጠራበት ሰዓት ደርሷል። መጽሐፉ ይህን ይጽፈዋል። ተማሪው ግን የሚያስታውሰው አንድ ሲኒየር አልጋው አጠገብ ቆሞ ካሳየው ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2013 የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው። አብዛኛው የአስም በሽተኛ ግን የሚታከመው በጠቅላላ ሐኪሞች፣ በጤና መኮንኖችና በነርሶች እጅ ነው። እነሱ ፊት የሚቀርበው በሽተኛ ደግሞ «ፓፍ ከጀመርክ አትላቀቅም» ሲባል ሰምቶ የመጣ ነው፤ ከፓፍ ይልቅ ክኒን ወይም መርፌ ይሻላል ብሎ ያምናል። የሳልቡታሞል ክኒን ግን በመላ ሰውነት ስለሚሰራጭ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። ፓፍ በጣም በትንሽ መጠን በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይደርሳል። ይህን በአማርኛ ወይም በበሽተኛው ቋንቋ፣ ሰውየውን ሳያሳፍሩ ማስረዳትን የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ አላየሁም። በመመረቂያ ፈተና ላይም አይጠየቅም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፓፍ አጠቃቀምን አሳይቶ፣ በሽተኛውን አሠርቶ ማረም ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ስህተቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚመለስ በቀጠሮው ቀን እንደገና ማየት ነው። ፓፍ መጫንንና መሳብን ማቀናጀት ለሚቸገር ልጅ ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፉ መካከል የሚገባ ባዶ መያዣ፣ ይረዳዋል። የሚገዛ ከሌለ ደግሞ የኬፕታውን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሥሩ ለፓፉ ልክ ተበስቶ እንደ ፋብሪካው ስፔሰር እንደሚያገለግል በአስም ጥቃት በተያዙ ሕፃናት ላይ ፈትነው አሳይተዋል። ሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን በተግባር ፈተናው ላይ አንድ ጣቢያ ቢጨምሩ እመኛለሁ፦ ጠረጴዛው ላይ መድኃኒት የሌለበት የማስተማሪያ ፓፍና የውሃ ጠርሙስ፣ ፊት ለፊት «ፓፍ እፈራለሁ» የምትል እናት፣ ለተማሪው ሰባት ደቂቃ።