አሮጌ የጀልባ ሞተር ይዞ ወደ ዓባይ መውጫ፦ ከመነሣታችን በፊት ምን እናስብ?

መግቢያ

በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና የሚሰበስብ እንዳለ ሁሉ አሮጌ የጀልባ ሞተር እየፈለገ የሚጠግንም አለ። ከጀልባው ኋላ በብሎን የሚታሰረውን ይህን ሞተር በሰፊው ያስተዋወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ የሸጠው ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ አሜሪካዊ ነው። የዚህ ሙያ ወዳጆች ወንዝ ዳር ተገናኝተው ሞተራቸውን በገመድ ጎትተው ያስነሣሉ፣ ትንሽ ይንሸራሸራሉ፣ ምሳ በልተው ይለያያሉ። ውድድር የለም፣ ሽልማት የለም።

እኛስ? ከደብረ ታቦር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን ባሕር ዳር ብንደርስ ጣናም ዓባይም እዚያው ናቸው። ጠግነን ያስነሣነውን ሞተር ይዘን ለመዝናናት ብንወጣ ዋናው ጥያቄ «ሞተሩ ይሠራል ወይ?» ሳይሆን «ውሃ መሐል ቢጠፋስ?» የሚለው ነው። አሮጌ ሞተር መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ዕቅዱ በሙሉ በዚህ ላይ መመሥረት አለበት።

ለምን ጉማራ አይሆንም?

ቅርባችን ያሉት ከጉና የሚነሡት ጉማራና ርብ ናቸው። ነገር ግን በበጋ ውሃቸው ይቀንሳል፤ ያለውንም የፎገራ ገበሬ በውሃ ፓምፕ ለመስኖ ይስበዋል። በክረምት ደግሞ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ። በዚያው ወራት የጣና ዓሦች እንቁላል ለመጣል ሽቅብ የሚወጡት በእነሱ ነው። ስለዚህ ተመራጩ በበጋ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ነው።

ሞተሩን ደብረ ታቦር ላይ መሞከር

ሞተሩ የሚሞከረው ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ተጠልቆ ነው። በደረቁ ከተነሣ ውሃ የሚስበው ጎማ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህሉ ይጎድላል፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ጉድለቱ ወደ 18 በመቶ ዝቅ ይላል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ይደክማል። «ተበላሽቷል» ብለን ካርቡሬተሩን ቤንዚን እንዲቀንስ ካስተካከልነው፣ ጣና ስንወርድ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቱ ስትሮክ ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ዘይቱም አብሮ ያንሰዋል፤ ይግላል፣ ፒስተኑም ይነክሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ ሐይቁ ዳር ይሁን።

የዘይቱ መጠን በፋብሪካው መመሪያ ነው። 50 ለ 1 ከሆነ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 25 ለ 1 ከሆነ 400 ሚሊ ሊትር ይገባል።

የጉዞው አቅጣጫ

ዓባይ ከሐይቁ እንደወጣ ብዙም ሳይርቅ የጨረጨራ ግድብ አለ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ሞተሩ የጠፋበትን ጀልባ ውሃው የሚወስደው ወደዚያ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ መጀመሪያ ሽቅብ ወደ ሐይቁ መሄድ ይሻላል። ሞተሩ ቢጠፋ ፍሰቱ ወደተነሣንበት ይመልሰናል። ከመነሻው በታች ግን ማንም አይውረድ፤ አንድ ሰውም ገመድ ይዞ ዳር ላይ ይጠብቅ።

ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ማልዶ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ነው። የቦታውን ጠባይ የሚያውቅ ባለ ጀልባ ሳይዙ መግባትም አይገባም፤ ጉማሬው የት እንደሚውል የሚያውቀው እሱ ነው።

መያዝ ያለበት

ለእያንዳንዱ ሰው የዋና ጃኬት፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ መልህቅ፣ ረጅም ገመድ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የፕሮፔለር ፒን፣ ፒንሳና የካንዴላ ቁልፍ። ጀልባው ቢያንስ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይጎትተዋል። ቤንዚኑን ለሦስት ከፍሎ አንዱን ለመሄጃ፣ አንዱን ለመመለሻ፣ አንዱን ለመጠባበቂያ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። የመንገዱን ሰላምና የነዳጁን ነገር ደግሞ ከመነሣት በፊት አጣርቶ መጨረስ ነው።

የሐይቁ ድርሻ

አሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ወደ ውሃ ይለቀዋል። ጣና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ያስቸገረው ሐይቅ ነው። ስለዚህ ጉዞው አጭር ይሁን፤ ቤንዚኑ ዳር ላይ በማንቆርቆሪያ ይቀዳ፤ እምቦጭ ባለበት ያለፈ ፕሮፔለር ሳይጸዳ ወደ ሌላ ውሃ አይግባ። የደንገል ታንኳ ሲያጋጥም ፍጥነት መቀነስ ግዴታ ነው፤ የእኛ ማዕበል ለታንኳው ሰው ቀልድ አይደለም።

ማጠቃለያ

አሮጌ ሞተር ማስነሣት የመካኒክ ችሎታ ነው፤ ሰውን በሰላም መመለስ ግን የዕቅድ ሥራ ነው። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለወጥ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ሰዎቹ እየሳቁ ቀዝፈው ከተመለሱ ጉዞው ተሳክቷል ማለት ነው። ቸር ይግጠመን።