ከእሳት በኋላ መጀመሪያ ማረም፣ መትከል ቀጥሎ

ጫካ ሲቃጠል ሁሉም የሚያስበው ችግኝ መትከልን ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ በብዙ ቦታ ግን ቀዳሚው ሥራ አረም መንቀል ነው። ይህን አጉልታ የምታሳየው አውስትራሊያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ «ጥቁሩ በጋ» በተባለው የሰደድ እሳት ወቅት 33 ሰዎች ሞተዋል፤ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ብቻ ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተቃጥሏል። እንዲህ ካለ እሳት በኋላ የጫካውን ዕጣ በአመዛኙ የሚወስነው በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ዓመታት አመዱ ላይ ማን ቀድሞ መሬቱን እንደያዘ ነው።

የዚያ አገር ዕፅዋት ከእሳት ጋር መኖር የለመዱ ናቸው። ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ባሕር ዛፋችን የመጣው ከዚያው ነው። ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ የምናየው ጉልበት፣ እዚያ እሳት ከለበለበው በኋላ መልሶ የሚያለመልመው ጉልበት ነው። የአገሩ የግራር ዝርያዎች ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ሙቀቱ ቅርፊቱን ሲሰነጥቀው ውሃ ይገባዋል፣ ይበቅላል። ከባንክሲያ ዛፍ ዝርያዎች ብዙዎቹ ዘራቸውን እንደ እንጨት በጠጠረ ፍሬ ውስጥ ይዘው ይቆዩና እሳት ሲነካቸው ይለቁታል። ጭስ እንኳ ዘር ይቀሰቅሳል፤ ይህን የሚያደርገውን ውህድ የምዕራብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2004 ለይተው አሳውቀዋል። ስለዚህ ጠቁሮ የሚታየው መሬት ባዶ ይምሰል እንጂ የተዘራ ማሳ ነው።

ችግሩ አረሙም እዚያው መዘራቱ ነው። እኛ የወፍ ቆሎ የምንለው፣ በሐረርጌ ግጦሽ ያሳጣን ላንታና በምሥራቅ አውስትራሊያም ወራሪ ነው፤ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ቢቱ ቡሽ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ቁጥቋጦ ደግሞ ከ1946 እስከ 1968 የባሕር ዳርቻ አሸዋን እንዲይዝ ሆን ተብሎ የተተከለ ነው። የተጎዳ መሬት ይጠግናል የተባለው ተክል ዛሬ የአገሬውን ዕፅዋት እየዋጠ ነው፤ መትከል ሁልጊዜ ደግ ሥራ ላለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ሆኖም እሳቱ ራሱ ዕድል ይከፍታል። ያደገውን ቢቱ ቡሽ በአብዛኛው ይገድለዋል፤ ለዓመታት አፈር ውስጥ የተጠራቀመው ዘሩም በገፍ ይበቅላል። ቡቃያው ሳያብብ ከተነቀለ በአፈሩ ውስጥ ያለው ዘር ተመናምኖ ይቀራል፤ ካመለጠ ግን ጫካው ከእሳቱ በፊት ከነበረበት የባሰ ይወረራል።

እንዴት ይነቀል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡት በ1960ዎቹ በሲድኒ ሞስማን ሰፈር በጫካ ጥበቃ የተሰማሩት እህትማማቾች ጆአን እና አይሊን ብራድሊ ናቸው። ደንባቸው ሦስት ነው፦ ጤነኛ ከሆነው ጫካ ጀምሮ አረም ወደበዛበት መሄድ፣ አፈሩን በተቻለ መጠን አለመረበሽ፣ አገር በቀሉ ተክል መሸፈን ከሚችለው በላይ አለማጽዳት። በተግባር ሲታይ፣ አራሚው ተንበርክኮ የአረሙን ግንድ ከአፈሩ አጠገብ ይይዛል፤ በቢላ ዙሪያውን ላላ አድርጎ ሥሩ በሄደበት አቅጣጫ ይስባል፤ አፈሩን አራግፎ ይመልሳል፣ በእጁ ይጫነዋል፣ የረገፈውን ቅጠል መልሶ ያለብሰዋል። የተገለጠ አፈር ለሚቀጥለው አረም መጋበዣ ነውና።

ይህ አካሄድ ቀርፋፋ ነው፤ ማሽንና ፀረ አረም መድኃኒት ይሻላል የሚሉ አሉ። መድኃኒት ቦታ አለው፤ አረሙ ብቻውን በሞላበት ሰፊ መሬት የእጅ ሥራ አይደርስም። ነገር ግን አረምና አገር በቀል ቡቃያ ጣት በማይሞላ ርቀት ተጠጋግተው በሚወጡበት አመድ ላይ ሁለቱን የሚለየው የሠለጠነ ዓይን ነው፤ ማሽን ሁለቱንም ይዟቸው ይሄዳል። አረሙ ከተነቀለ አፈሩ ይታጠባል የሚለው ስጋት ደግሞ እውነት ነው፤ ሦስተኛው ደንብ የወጣውም ለዚሁ ነው። አረሙ ለጊዜው አፈር ይዞ ይቆይ፤ ተተኪው ሲደርስ ይነሣል። መትከልስ? አፈሩ ለዘመናት ታርሶ የአገር በቀል ዘር ካለቀበት፣ አጠገቡም ዘር የሚሰጥ ጫካ ከሌለ መትከል ግድ ነው። ያንን የሚያረጋግጠው ግን ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት ጠብቆ ምን እንደበቀለ ማየት ነው፤ ቸኩሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ሊወጣ የነበረውን ቡቃያ ያጠፋል።

ለዚህ ሥራ የአካባቢው ሰው የሚያስፈልገው ከነፃ ጉልበቱ ይልቅ ስለማይርቅ ነው። አረም በአንድ ቀን ዘመቻ አይሸነፍም። ጣና ላይ እምቦጭን ለማስወገድ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ሲያበቃ አረሙ ተመልሶ መምጣቱን አይተናል፤ ዘሩ በደለሉ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በሌላ በኩል በትግራይና በወሎ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ተራሮች ብዙ ሳይተከልባቸው ያገገሙት ሕዝቡ ራሱ ስለጠበቃቸው ነው። እሳት ለጎበኘው ጫካ በጀት የሚይዝ ሁሉ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በየወቅቱ ተመልሰው ለሚያርሙ እጆች አስቀድሞ ይመድብ፤ የችግኙ ሒሳብ ከዚያ በኋላ፣ በጎደለው ቦታ ልክ ይሠራ።