መኪናው እንቅልፋችሁን ከእናንተ በፊት እንዴት ያውቃል?

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩን እንቅልፍ ለሦስት ሴኮንድ ብቻ ሸለብ ቢያደርገው፣ መኪናው ከ80 ሜትር በላይ ያለ ነጂ ሄደ ማለት ነው። የሚከፋው ደግሞ ሸለብ ያደረገው ሰው ብዙ ጊዜ መተኛቱን አለማወቁ ነው። «ነቅቼ ነበር» ይላል፤ ከልቡም ነው። ስለዚህ «እንቅልፍ ሲመጣብኝ እቆማለሁ» የሚለው ዕቅድ የሚመካው በዚያች ሰዓት መጀመሪያ በሚከዳን ነገር፣ በራሳችን ፍርድ ላይ ነው።

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ አሜሪካን በከባድ መኪና የሚያቋርጡ፣ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ መሪ የሚጨብጡ ብዙ ወገኖች አሉን። ድብታን የሚለዩ ሲስተሞች እንዴት እንደሚሠሩ፣ የትኛው ክፍላቸው ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ እንመልከት።

መሪው ይናገራል

ንቁ ሾፌር ሳያስበው መሪውን በየቅጽበቱ በጥቂቱ ያስተካክላል። ድብታ ሲይዘው ይህ ይቀየራል። መሪው ለአፍታ ጸጥ ይላል፣ መኪናው ከመስመሩ ፈቀቅ ይላል፣ ከዚያ ሾፌሩ ደንገጥ ብሎ በኃይል ይመልሰዋል። መርሴዲስ በ2009 ያወጣው «አቴንሽን አሲስት» በዋናነት የሚያድነው ይህንን ነው። ጉዞው እንደተጀመረ የሾፌሩን የአነዳድ ጠባይ ይመዘግባል። ቀጥሎ ከ70 በላይ መለኪያዎችን እየተከታተለ፣ ሾፌሩ ከራሱ ልማድ ሲርቅ የቡና ስኒ ምልክት አብርቶ ዕረፍት እንዲያደርግ ይነግረዋል።

ይህ ዘዴ ካሜራ አያስፈልገውም። ነገር ግን ዘመናዊ መኪኖች መስመር ለመጠበቅ ራሳቸው መሪውን ያግዛሉ። ማሽኑ የሾፌሩን ስህተት በሸፈነለት ቁጥር፣ ስለ ድብታው የሚናገረው ምልክትም አብሮ ይጠፋል። ኢንዱስትሪው ወደ ካሜራ ካዞረው ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

በአንድ ዓይን ዙሪያ ስድስት ነጥብ

በ2016 በፕራግ የቼክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቴሬዛ ሶኩፖቫና ያን ቼክ ዛሬ በብዙ የተማሪ ፕሮጀክቶች ውስጥ የሚገኝ ቀላል ቀመር አቀረቡ። በአንድ ዓይን ዙሪያ ስድስት ነጥቦች ይወሰዳሉ፦ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጥግ፣ ሁለቱ በላይኛው ቆብ፣ ሁለቱ በታችኛው። ሁለቱን የላይና የታች ርቀቶች ደምራችሁ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርቀት እጥፍ ላይ ታካፍላላችሁ። ዓይን ክፍት ሲሆን ውጤቱ ብዙም አይዋዥቅም፤ ሲጨፈን ወደ ዜሮ ይወርዳል። ምጥጥን ስለሆነ ፊት ወደ ካሜራው ቢቀርብም ቢርቅም ብዙ አይዛባም።

ነጥቦቹን ለማግኘት ሞዴል ከባዶ ማሠልጠን አያስፈልግም። ዲሊብ በፊት ላይ 68፣ የጉግል ሚዲያፓይፕ ደግሞ 468 ነጥቦች ይሰጣሉ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ግን የተጨፈነ ዓይን ሁሉ የተኛ ዓይን አይደለም። ጤናማ ርግብግቢት ከ0.1 እስከ 0.4 ሴኮንድ ይወስዳል። ስለዚህ አንድን ፍሬም ሳይሆን ጊዜን መለካት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀው «ፐርክሎስ» ነው፤ የዓይን ቆብ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ተከድኖ የቆየበት ጊዜ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። በሴኮንድ 30 ፍሬም የሚያነሳ ካሜራ በደቂቃ 1,800 ፍሬም ይሰጣል። ከነዚህ 180ዎቹ የተከደነ ዓይን ካሳዩ ፐርክሎስ 10 በመቶ ነው። በኮድ ስትጽፉት የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ተንሸራታች መስኮት በቂ ነው።

የማን ዓይን?

ብዙ የማስተማሪያ ኮዶች ምጥጥኑ ከ0.2 ወይም ከ0.25 ሲያንስ «ዓይኑ ተጨፍኗል» ይላሉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በተፈጥሮው ጠበብ ያለ ዓይን ያለውን ሰው ይህ ኮድ ሁልጊዜ እንደተኛ ይቆጥረዋል፤ ትልልቅ ዓይን ያላት ሴት ደግሞ ቆቧ ግማሽ ሲወርድም ንቁ ናት ይላል። መፍትሔው ከመርሴዲስ ዘዴ ጋር አንድ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሰውየውን የራሱን ልክ መዝግቡ፤ ገደቡንም ከዚያ አንጻር አስሉ።

የቆዳ ቀለምም ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ቲምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ጾታን ከፊት የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ በነጭ ወንዶች ላይ ግን ከ1 በመቶ በታች ነበር ስህተታቸው። ያ ጥናት ስለ ድብታ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ይሠራል። አማካይ ውጤት ብቻ ካያችሁ ማን እንደተረሳ አታዩም። የመኪና ካሜራዎች በጨለማ ለማየት የሚጠቀሙት ኢንፍራሬድ ብርሃን የቆዳ ቀለም ልዩነትን ይቀንሳል፤ የስልክ ካሜራ ግን ሌሊት ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ፕሮጀክታችሁን በራሳችሁ ፊት ብቻ ሳይሆን በእናታችሁም፣ መነጽር ባደረገ ጓደኛችሁም፣ በመሸ ጊዜም ሞክሩት።

መቼ ይናገር?

ከባዱ ክፍል እዚህ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚጮህ ሲስተም ያሰለቻል፤ የሰለቸ ሾፌር ያጠፋዋል። ዘግይቶ የሚጮህ ደግሞ ትርጉም የለውም። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የድብታ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ መለኪያ ያደረገው ከ1 እስከ 9 የሚሄደውን የካሮሊንስካ የእንቅልፍ ስሜት ሚዛን ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያው ግዴታ የሚሆነው ደረጃ 8 ላይ ነው። ያ ሰው ነቅቶ ለመቆየት መታገል የጀመረበት ደረጃ ነው። እንግዲህ መኪናው ሲናገር የሚሰማው የመጨረሻው ዘበኛ ድምፅ ነው።

ለመጀመሪያው ዘበኛ ካሜራም ሞዴልም አያስፈልግም፤ ሰዓት ይበቃል። በ1997 የወጣ የዳውሰንና የሪድ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ አሳይቷል። የከባድ መኪና ሕጎች የቆሙት በሰዓት ቆጠራ ላይ ነው፤ በአውሮፓ ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ ዕረፍት፣ በአሜሪካ ዕቃ ጫኝ ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት። ኡበርም በ2018 በአሜሪካ ከ12 ሰዓት መንዳት በኋላ ለ6 ሰዓት መተግበሪያውን መዝጋት ጀመረ።

ቀዳዳው ግልጽ ነው። የአንዱ መተግበሪያ ሰዓት ሲያልቅ ሾፌሩ ሌላውን ይከፍታል። ሁለቱም ቀን ሆቴል ውስጥ የሠራውን ስምንት ሰዓት አያውቁም። ሁሉንም ማወቅ የሚችለው የሾፌሩ የራሱ ስልክ ነው። «ስንት ሰዓት ነቃህ?» ብሎ ጠይቆ የንቃት ሰዓቱን የሚቆጥር፣ ሰውነት እንቅልፍ አጥብቆ በሚሻበት ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ላይ ገደቡን ዝቅ የሚያደርግ፣ መረጃውን ከስልኩ የማያወጣ ትንሽ የአማርኛ መተግበሪያ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ያሳይ። ማንቂያው መጀመሪያ አጭር ድምፅ፣ ከዚያ በሰው የተቀረጸ «አሁን ይቁሙ» ይሁን፤ «ቁም» ብትሉት ሴቷን ሾፌር ረሳችኋት።

ቆሞስ ምን ያድርግ? መስኮት መክፈትና ሬዲዮ መጨመር ብዙ አይረዱም። ቡና ጠጥቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት ለጊዜው ይረዳል፤ ካፌኑ ሥራ የሚጀምረው ሲነቃ ገደማ ነው። ቡናም ሆነ ጫት ግን እንቅልፍን ያዘገያሉ እንጂ ዕዳውን አይከፍሉም። የመኪና ዕዳ ወይም የቤት ኪራይ ያለበት ሾፌር «አንድ ተሳፋሪ ብቻ» ማለቱ አይቀርም። እኛ የምንጽፈው ኮድ ያንን ውሳኔ ሊወስንለት አይችልም። ገና ማሰብ በሚችልበት ሰዓት ሊነግረው ግን ይችላል።